ተጠቃሚ ቁጥር አንድ

ሰው በሰው ሲታማ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሰው በኮምፒውተር፣ ያውም ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቴሌቪዥን፣ ያውም የሚታማበትን ቃል ራሱ መርጦ ካቀበለ በኋላ ሲታማ ግን አልሰማችሁም ብዬ እገምታለሁ። እኔ አይቻለሁ። አይቻለሁ ስል ዳር ቆሜ አይደለም፤ ነገሩን ጽፌ፣ ገጣጥሜ፣ ሶኬት ላይ የሰካሁት እኔው ነኝ። መስደብ የሚፈልግ ካለ ትንሽ ይታገሥ፤ ከፊቱ ወረፋ አለ።

የምሠራው ሐርጌሳ ነው፤ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር፣ በቦቴ መኪና ውሃ በሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ውስጥ። ደንበኛ ይደውላል፣ ትእዛዙ እኔ በሠራሁት ሲስተም ላይ ይመዘገባል፣ ሹፌር ይመደብለታል፣ ቦቴው ሄዶ የግቢውን ታንከር ሞልቶ ይመለሳል። የዚያ ሲስተም አባት እኔ ነኝ። ለሦስት ወር ብዬ መጥቼ ሦስት ዓመት አለፈኝ። ደብረ ብርሃን ላለችው እናቴ ሥራዬን ስንት ጊዜ አስረድቻታለሁ፤ ለጎረቤት ግን "ልጄ በረሃ ላይ ለተጠማ ሰው ውሃ ያጠጣል" ብላ ነው የምታወራው። ጎረቤቶቹ የመነኮስኩ መስሏቸዋል።

የድርጅቱ ባለቤት ሐጂ ይባላሉ። ስማቸው እንኳ ሌላ ነው፤ ግን በዚያ ስም የሚጠራቸው የይለፍ ቃል ሲጠይቃቸው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። ድሬዳዋ አድገው፣ ድሬዳዋ ተምረው የተመለሱ የሐርጌሳ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል፤ ሲናደዱ ደግሞ ከእኔ ይጣፍጣል። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይታወቅምና "እርስዎ ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ እየመሰለኝ እዞራለሁ" ይሉኛል። እኔ ግን አሠሪን አንተ ለማለት ምላሴ አይታዘዘኝም።

ከእኔ በፊት እዚህ ቤት የነበረችው እትዬ ብርቄ ናት። ትጠርጋለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ጠዋት ቢሮውን የምትከፍተውም እሷ ናት። ሐርጌሳ ከገባች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ሶማሊኛዋን ዓይኑን ጨፍኖ የሰማ ሰው የበርበራ ሴት ናት ይላል። የመኖሪያ ፈቃዷን እስካሁን በሰው በሰው ስታሳድስ ኖራ፣ ዘንድሮ "የአሠሪ ደብዳቤ አምጪ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደምትሠሪም ይጻፍበት" ተብላለች። ሐጂም ይጽፉላታል፤ ኢንሻአላህ ነገ ይጽፉላታል። ይኼ ነገ ሁለተኛ ወሩን ይዟል። ደብዳቤ ከሌለ ፈቃድ የለም፤ ፈቃድ ከሌለ ደግሞ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ ያላት መንገድ አንድ ነው፣ የድንበሯን ከተማ ውጫሌን ተሻግሮ ቤት ወደሌላት አገር መመለስ።

ነገሩ የተነሣው ከአያሃ ነው። አያሃ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ሰፈር ነው፤ የቀን ሥራ ውሎ የሚገባ ሰው የሚበዛበት። ዘንድሮ ውሃ ማድረስ ከጀመርንላቸው ወዲህ ስልካችን በአያሃ ሴቶች አቤቱታ ተጥለቀለቀ። "ጠዋት አዘዝን፣ እስኪመሽ ጠበቅን፣ ቦቴው የለም።" ትእዛዝ የሚቀበለውና ሹፌር የሚመድበው ፈይሰል ኮምፒውተሩን ያያል፤ ትእዛዙ ተሰርዟል። ማን ሰረዘው? እሱ አይደለም፣ ወላሂ አይደለም። እኔም አይደለሁም። ሐጂም ሊሆኑ አይችሉም፤ እሳቸው እንኳን ትእዛዝ ሊሰርዙ የገዛ ስልካቸውን ድምፅ መቀነስ አይችሉም።

አንድ ጠዋት ሐጂ ስልካቸውን ይዘው ጠረጴዛዬ ላይ መጥተው ተደገፉ።

"ተመልከት" አሉኝ። "ይኼን ስከፍት ጂግጂጋ ያለው የአጎቴ ልጅ ፍየል ገዛሁ ብሎ ይነግረኛል። ሚኒሶታ ያለችው እህቴ ጥርሷን እንደታከመች ይነግረኛል። የገዛ ቢሮዬ ውስጥ ማን ውሃ እየሰረዘ እንደሆነ የሚነግረኝ ግን የለም። ይኼ ሥራ ነው?"

"ሐጂ፣ ሁሉም ነገር እኮ ሎግ ላይ አለ" አልኩና ከፈትኩላቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ፤ አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። ጥቁር መስኮት ላይ ቁጥርና ነጥብ እንደ ጉንዳን ይተራመሳል።

"ይኼ ምንድነው?"

"ኮምፒውተሩ ለራሱ የሚጽፈው የውሎ ማስታወሻ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን ምን ነካ፣ አንድ አይቀረውም።"

"ለማን ነው የጻፈው፣ ለጂን?"

"ለእኔ።"

"እንግዲያው ለሰው ገልብጠው። እንደዚህ እንደ ስልኬ፣ እገሌ ይህን አደረገ፣ እገሊት ያንን አደረገች እያለ ይውረድ። ቴሌቪዥኑ ላይ አውጣው፣ ሁሉም ይየው።"

በሙያችን ይኼ ነገር ፊድ ይባላል። ሐጂ ግን የወሬ ሰሌዳ አሉት፤ ወዲያው ጸደቀ። ስንት ቀን ይፈጅብሃል ሲሉኝ ሳላስብ "ሦስት ቀን" አልኩ፤ አልበቃ ብሎኝ "ሎግ አይዋሽም ሐጂ፣ ጥፋተኛውን ሐሙስ አስረክብዎታለሁ" ብዬ ጨመርኩ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። እኔ ዘንድሮ ሁለቱንም ጀምሬያለሁ።

ሰሌዳው ሹፌሮቹ እንዲያነቡት በሶማሊኛ መሆን ነበረበት። የእኔ ሶማሊኛ ባጃጅ ውስጥ ተወልዶ ባጃጅ ውስጥ የቀረ ነው፤ ቀኝ፣ ግራ፣ እዚህ ጋ፣ ከዚያ አያልፍም። ፈይሰል ደግሞ ዩኒቨርሲቲ የተማረው ኢትዮጵያ ስለሆነ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወራል እንጂ ለእንዲህ ያለ ሥራ ትዕግሥት የለውም። ስለዚህ እትዬ ብርቄን አስቀመጥኳት። መጥረጊያዋን ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ እኔ በአማርኛ ስል እሷ በሶማሊኛ እያለች፣ ዐረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ አወጣን። ገባ። ወጣ። መዘገበ። አደረሰ። ሰረዘ የሚለው ላይ ስንደርስ አስቆመችኝ።

"ይኼ ለስላሳ ነው" አለች። "የሰው ቤት ውሃ መሰረዝ ቀልድ አይደለም። ጠንከር ያለ ቃል እናድርግበት፤ ያደረገው ሰው ሲያነበው ይፈር።"

ፈልጋ ፈልጋ አንድ ቃል አመጣች። ፈይሰል ሲሰማው "ኧረ ይኼስ ይከብዳል" አለ። እሷም "ይክበድ" አለች፤ ገባ።

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ ሰውን ሁሉ ሰበሰቡ። ሰባቱ ሹፌሮች፣ ፈይሰል፣ እትዬ ብርቄ ከነሻይ ፔርሙሷ። እኔ ሙሽራ ነበርኩ፤ ሸሚዝ ሳይቀር ተኩሻለሁ። ቴሌቪዥኑ ሲስተሙ ውስጥ በሐጂ ስም እንዲገባ አድርጌ አበራሁት።

የመጀመሪያው መስመር ወረደ፤ "ሐጂ ሰሌዳውን ተመለከቱ።" ተጨበጨበ። ሁለተኛው ወረደ፤ "ሐጂ ሰሌዳውን ተመለከቱ።" ሦስተኛውም እንዲሁ። ሰሌዳው አዲስ ወሬ አለ ወይ ብሎ በየሰከንዱ ራሱን ይመለከታል፤ መመልከቱ ሎግ ላይ ይጻፋል፤ የተጻፈው አዲስ ወሬ ሆኖ ይወርዳል፤ አዲስ ወሬ ስለወረደ እንደገና ይመለከታል። ሻይ ተቀድቶ ሳያልቅ ሐጂ ሰሌዳውን አምስት መቶ ጊዜ ተመልክተዋል። ሹፌሮቹ አንዴ ቴሌቪዥኑን አንዴ እሳቸውን ያያሉ። አንደኛው በሹክሹክታ ለእትዬ ብርቄ አንድ ነገር ነገራት።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ሐጂ ደህና ናቸው ወይ አለ።"

ቆም ብዬ አስተካከልኩት። ማየት ወሬ አይደለም የሚል አንድ መስመር ጻፍኩበት፤ ሰሌዳው ጸጥ አለ። ይኼን የመሰለ ቀና ሕግ ለሰውም ቢወጣለት ብዬ ትንሽ ተፈላሰፍኩ፤ የሚሰማኝ ግን አልነበረም።

ቀጥሎ እውነተኛው ሥራ መውረድ ጀመረ። "መሐመድ የመሐመድን ትእዛዝ ተቀበለ። መሐመድ ለመሐመድ አደረሰ። መሐመድ ተመለሰ። መሐመድ ለመሐመድ ደወለ።"

"የትኛው ነው?" አሉ ሐጂ።

"ሁሉም" አልኩ። ከሰባቱ ሹፌሮቻችን አምስቱ መሐመድ ናቸው፤ ከደንበኛው ስንቱ እንደሆነ አልቆጠርኩም። እዚህ አገር ግን ለዚህ መድኃኒቱ ጥንት ተገኝቷል፤ ሰው ሁሉ ቅጽል ስም አለው። ስሙ ያለ ርኅራኄ ይሰጣል፣ ያለ ቅሬታ ይያዛል። ረጅሙ ዴሬ ነው። ያሬ ማለት ትንሹ ማለት ነው፤ የኛ ያሬ ቦቴው ላይ ሲወጣ ጎማው ወደ አንድ ጎን ይተኛል። አንዱ መሐመድ ቅጽል ስሙን ስጠይቀው ዝም አለ፤ አራቱ በአንድ ድምፅ ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም።

ቅጽል ስሞቹ ሲገቡ ሰሌዳው ሰው ሰው ሸተተ። ችግሩ እኔ ሁሉንም ነገር ነበር የገለበጥኩት። "ሐጂ የይለፍ ቃል ተሳሳቱ" ብሎ አሥራ አንድ ጊዜ ወረደ። ሐጂ "የተሳሳተው ያንተ ሲስተም ነው" አሉና አለፉት። ከዚያ "ፈይሰል የሆዳንን ገጽ ከፈተ" አለ። ደግሞ ከፈተ። ደግሞ ከፈተ። ሆዳን መሐመድ ሞጌ ሰፈር የምትኖር ደንበኛ ናት፤ ያዘዘችው አንድ ቀን ብቻ ነው። አሥራ ዘጠነኛው ላይ የፈይሰል ጆሮ በርበሬ መሰለ።

"ልጁን ውሃ ጠምቶታል" አሉ ሐጂ። ሹፌሮቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሳቁ። እትዬ ብርቄም ሻይ እየቀዳች ሳቀች። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነበር፤ ማን አወቀ።

ፈይሰል ወሬውን ከራሱ ለማራቅ "የመጣንበትን እንይ እንጂ! የተሰረዙትን ብቻ አውጣ" አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ተጫንኩት።

ሰሌዳው ባዶ ሆነ፤ ከዚያ ከላይ እስከ ታች በአንድ ስም ተሞላ። "ብርቄ የአያሃን ትእዛዝ ሰረዘች። ብርቄ የአያሃን ትእዛዝ ሰረዘች።" ወደ ታች ብስበው ያው ነው፤ ሌላ ገጽ ብከፍት ያው ነው። እያንዳንዱ መስመር ላይ ያ ራሷ የመረጠችው ከባድ ቃል ተቀምጧል።

ሳቁ ቆመ። ሐጂ ሲጮኹ ደህና ናቸው፤ የሚያስፈሩት ድምፃቸው ሲቀንስ ነው። አሁን ቀነሰ።

"ብርቄ፣ ምን በደልንሽ?"

ፔርሙሱን እንደያዘች ቀረች። "ሐጂ፣ እኔ ይኼን ዕቃ የማውቀው አቧራውን ስወለውል ነው።"

"ስትወለውል ነክታው ይሆናል" አለ ፈይሰል፤ ሊረዳት ፈልጎ ነው።

"ጨርቅ አያሃን መርጦ ይሰርዛል?" አሉ ሐጂ። "ማን ላከሽ? ለየትኛው ድርጅት ነው የምትሠሪው?"

"እኔ እኮ ራሴ..." ብላ ጀመረች። ሐጂ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ሎግ ይዋሻል?"

እዚህ ላይ ሰው የሆነ ሰው ቆይ ላጣራ ይላል። እኔ ግን ሸሚዝ ተኩሻለሁ፣ ተጨብጭቦልኛል፣ ሦስት ቀን ሙሉ ተኩራርቻለሁ። "ሎግ... አይዋሽም" አልኩ። እትዬ ብርቄ አየችኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል።

"ቁልፉን አስቀምጪ" አሏት ሐጂ። "ደብዳቤውም ቀርቷል።"

ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የዙሁር አዛን ሲሰማ ሰዎቹ ለስግደት ወጡ፤ ቢሮው ውስጥ ሁለት ክርስቲያኖች ቀረን። እሷ ኩሽና ገብታ ብርጭቆ ታጥባለች፤ ያልታጠበ ዕቃ ጥላ አትወጣም። እኔ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጫለሁ። ደህና ነገር እንዳላደረግሁ አውቄያለሁ፤ ምን እንዳደረግሁ ግን ገና አላወቅሁም።

ሎጉን እንደገና፣ አሁን ሳልገለብጠው፣ እንደ ተፈጠረ አነበብኩት። የተሰረዙበትን ሰዓት አየሁ። አምስት ሰዓት ሙሉ። ስምንት ሰዓት ሙሉ። አሥር ሰዓት ሙሉ። አንዲት ደቂቃ አያልፍ፣ አንዲት ሰከንድ አይጎድል። እትዬ ብርቄ ሰዓት አክባሪ ናት፤ ግን እንዲህ ያለ ሰው የለም። የጥምቀት ዕለት አልመጣችም ነበር፤ ያን ቀንም ሰርዛለች። ወገቧን አሟት ሳምንት ስትተኛ ሳምንቱን ሙሉ ስትሰርዝ ነው የከረመችው። ስሟ አጠገብ ደግሞ ቁጥር አለ፤ አንድ። ተጠቃሚ ቁጥር አንድ። ሐጂ እንኳ ቁጥር ሁለት ናቸው።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ሲስተሙ ባዶ ነበር። ለመሞከሪያ የአንድ ሰው ስም ያስፈልገኝ ነበር፤ ቢሮው ውስጥ ደግሞ ከምትጠርገው ሴት በቀር ማንም የለም። "ስምዎን ማን ልበል?" አልኳት፤ "ብርቄ" አለችኝ፤ ጻፍኩት። ከሰዓት በኋላ ትንሽ የጽዳት ፕሮግራም ሠራሁ። በየሰዓቱ ይነሣል፤ ከአራት ሰዓት በላይ ሹፌር ያልነካውን ትእዛዝ ይሰርዛል። ያኔ የምናደርሰው ቅርብ ሰፈር ብቻ ስለነበር፣ ይኼን ያህል የቆየ ትእዛዝ በስህተት የተመዘገበ ነው ብዬ ነው። ፕሮግራሙ በሰው ስም መሥራት ነበረበት። እኔም፣ የጽዳት ፕሮግራም አይደል፣ በጠራጊዋ ስም ይሥራ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁና ረሳሁት።

አያሃ ሲጨመር ምን ሆነ? ሹፌሮቹ መጀመሪያ ቅርብ ቅርቡን ይጨርሳሉ፤ ሩቁ አያሃ ለመጨረሻ ይቀራል። አራት ሰዓት ያልፋል። ፕሮግራሜ ይነሣና ይጠርገዋል። ወራት ሙሉ የአያሃን ሕዝብ ውሃ ያስጠማሁት እኔ ነኝ፤ ያስጠማሁትም በእትዬ ብርቄ ስም ነው።

ኩሽና ገባሁና በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት። እስክጨርስ ብርጭቆ ማጠቧን አልተወችም።

"ለምን በኔ ስም?"

"ፕሮግራሙ ስለሚጠርግ... ቀልድ መስሎኝ።"

"አሳቀህ?"

"ያኔ አዎ።"

"አሁንስ?"

እጇን በቀሚሷ አበሰች። "ሲመለሱ ትነግራቸዋለህ።"

"እትዬ ብርቄ፣ ያባርሩኛል እኮ።"

"እኔ ስባረር ዝም ብለህ ቆመህ አልነበረም? አንተ ስትባረር ደግሞ እኔ ዝም ብዬ እቆምልሃለሁ።"

ሐጂና ሰዎቹ ሲመለሱ ለሰባት ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር። ሰሌዳው ላይ ኸድራ የምትባል የአያሃ ሴት ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ያዘዘችው ትእዛዝ እስካሁን ሳይነካ ተቀምጧል። ወንበር ላይ ወጣሁ። ለምን ወንበር ላይ እንደወጣሁ አትጠይቁኝ።

"ሐጂ፣ አሥር ደቂቃ ይስጡኝ" አልኩ። "አሥር ደቂቃ ማንም ሰው ኮምፒውተር አይንካ፣ ስልክ አይንካ። ሁላችንም እጃችንን ወደ ላይ እናንሣ።"

"እኔም?"

"እርስዎም። እትዬ ብርቄ መሐል ትቁም።"

ለምን እንደታዘዙኝ እሳቸውም አያውቁም። ፈይሰል አነሣ፤ ሰባቱ ሹፌሮች አነሡ፤ እትዬ ብርቄ መሐል ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች። በዚህ መሐል አንድ ደንበኛ በር ከፍቶ ገባና ያን ሁሉ እጅ ሲያይ፣ ቢሮው የተዘረፈ መስሎት የሱንም አንሥቶ ግድግዳው ጥግ ቆመ። የሚያስረዳው አልነበረም።

ሰባት ሰዓት ሞላ። ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ወረደ። "ብርቄ የኸድራን ትእዛዝ ሰረዘች። አያሃ።"

"ሱብሃነላህ" አለ ያሬ፤ እጁን ሳያወርድ።

ሐጂ ቴሌቪዥኑን አዩ፤ በአየር ላይ ያሉትን የእትዬ ብርቄን እጆች አዩ፤ ደግሞ ቴሌቪዥኑን አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ማነው የሠራው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። ከወንበሩ ሳልወርድ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ስሙን፣ የጽዳቱን ፕሮግራም፣ ቀልዴንም ጭምር።

መጀመሪያ የተናገረችው እትዬ ብርቄ ናት። እጇን አወረደችና በሶማሊኛ ወደ ሹፌሮቹ ጮኸች። የገባኝ "ኸድራ"ና "ምሳ" የሚሉት ብቻ ነው፤ ያሬ ግን የመኪና ቁልፉን እየፈለገ ተነሣ።

"ምን አልሽው?" አሏት ሐጂ።

"ኸድራ አራስ ናት፤ ምሳህን ተመልሰህ ብላ አልኩት። ቤቷ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሦስተኛው በር ነው፤ በዋናው መንገድ ከሄደ ይጠፋበታል።"

"አንቺ አያሃን በምን አወቅሽው?"

"እዚያ ነው የምኖረው ሐጂ። እነዚያ ሴቶች ጎረቤቶቼ ናቸው። ከእኛ ድርጅት እዘዙ ብዬ ደንበኛ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ውሃው ሲቀር የሚወቅሱት እኔን ነው። እኔም ራሴ ሁለቴ አዝዤ ቀርቶብኛል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ማን ጠየቀኝ?"

ይኼ ሁላችንንም መታን። ስንት ዓመት ሻይዋን ስንጠጣ የት ትኖሪያለሽ ያላት አንድ ሰው የለም። ሐጂ ኮፊያቸውን አወለቁ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አፉ በዪኝ ብርቄ" አሏት። ከዚያ ቁልፏን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው መለሱላት። ደንበኛውም ያን ጊዜ እጁን አወረደ።

እኔን አላባረሩኝም። እሱን ባባርር ማን ያስተካክለዋል ብለው ይመስለኛል። "ያ የሚጠርገው ፕሮግራምህ ከእንግዲህ አይሰርዝም" አሉኝ። "ትእዛዝ ሲዘገይ ይጩህ፣ ያስታውስ። ደግሞ በራስህ ስም ይሥራ።" ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ላይ በየሰዓቱ የሚጮኸው በእኔ ስም ነው። እትዬ ብርቄ የአያሃንና የሩቅ ሰፈሮችን ስልክ ትያዝ ተባለ፤ የራሷ ጠረጴዛ ከፈይሰል ፊት ለፊት ተደረገላት። እሷም እሺ ከማለቷ በፊት አንድ ነገር ጠየቀች፤ ሌላ ጠራጊ እስኪቀጠር ቢሮውን ማን ይጠርጋል? ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

እንግዲህ ልንገራችሁ፣ የወሬ ሰሌዳው ሠራ። ስኮራበት አላፍርም። እትዬ ብርቄ የቦቴዎቹን መንገድ ገለበጠችው፤ ሁለቱ መኪኖች ጠዋት ከሩቅ ይጀምራሉ። በሁለተኛው ሳምንት ከአያሃ የሚደወለው ለማዘዝና ለማመስገን ብቻ ሆነ። ሐጂ አልሐምዱሊላህ እያሉ ቴሌቪዥኑ ሥር ሻይ መጠጣት ጀመሩ። ፈይሰልም ሆዳንን በስልክ አነጋግሯታል ይባላል፤ ይኼኛው ወሬ ግን ሎግ ላይ የለም።

የቀረው ደብዳቤው ነበር። ሐጂ በዚያው ሳምንት ራሳቸው ተቀምጠው ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ። "ብርቄ ማን ልበል?" አልኩ። ሦስት ዓመት አብሬያት ስሠራ የአባቷን ስም ሳላውቅ ኖሬያለሁ። "ብርቄ ወልዴ" አለች፤ ጻፍኩ። ከመቼ ጀምሮ የሚለው ላይ ስንደርስ ተያያን። ወረቀት የለም። ሐጂ አያስታውሱም። ፈይሰል ከእሷ በኋላ ነው የመጣው። እሷም ዝናብ ይዘንብ እንደነበር ነው የምታስታውሰው።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሎጉን እስከ መጀመሪያው መስመር ወደ ኋላ ተመለስኩ። ከዕለቱና ከሰዓቱ ጋር ተጽፏል፤ ተጠቃሚ ቁጥር አንድ፣ ብርቄ፣ ተመዘገበች። ከዚያም በፊት እንደነበረች ሐጂ ቃላቸውን ሰጡ፤ ቢያንስ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ማስረጃ አለ። ገጹን አተምነው፤ ሐጂ ደብዳቤውም ላይ ሎጉም ላይ ማኅተም መቱ።

በአሥረኛው ቀን የታደሰውን ፈቃዷን ይዛ መጣች። ለሁላችንም አሳየችን፤ እኔ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስታዬን ምን ላድርገው ብዬ መጥረጊያዬን አነሣሁ። ጠረጴዛዋ ሥር ስደርስ ስልክ ይዛ ለአንዲት የአያሃ ሴት ቦቴው መንገድ ላይ መሆኑን ትነግራለች። ወሬዋን አላቋረጠችም፤ እንድጠርግ እግሯን ብቻ ከፍ አደረገችልኝ።